መውደድና መጠሪያው፦ በምዕራብ ጎጃም ሰውን በትዳሩ የመሰየም ልማድ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለአንድ ተራ ጉዳይ ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ እንደማንኛውም ቅጽ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ቀጥሎ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚል መስመር፣ ከሥሩም አራት ሣጥኖች፦ ያላገባ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት። ብዕሬን ይዤ ቆምሁ። በ11 ዓመቴ ተድሬአለሁ። በ12 ዓመቴ ኮብልዬ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ባል አላገባሁም። ዛሬ ባለው ሕግ ያ ድግስ ጋብቻ ሊባል አይችልም፤ ወንጀል ነው። ታዲያ ያላገባች ነኝ? በተወለድሁበት መንደር ግን አርባ ዓመት ያህል «ፈት» ስባል ኖሬአለሁ። ወረፋውን ያዘገየሁበት ወጣት ሠራተኛ፣ «እናቴ፣ አንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ችግር የለውም» አለኝ። ለቅጹ በእርግጥ ችግር የለውም።

ንግግሬ ስለ እኔ ሕይወት አይደለም። ከቅጹ መጀመሬ ጥያቄው ከየት እንደ ተነሣብኝ ለመናገር ያህል ነው። ዛሬ የማቀርበው፣ ሰው ስለሚወደው፣ ስለሚከጅለውና ስለማይከጅለው ነገር ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ምን ምን ቃላት እንዳሉን፣ ቃላቱም በተጠሪው ሰው ላይ ምን እንደሚሠሩ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአደባባይ የማይነሣበት ቤት ያደግሁ ስለሆንሁ፣ አንዳንድ ቦታ ድምፄ ዝቅ ቢልባችሁ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ከግሶቹ ልጀምር። አማርኛ ፍላጎትን በሁለት መንገድ ይገልጻል። በአንደኛው ሰውየው ባለቤት ነው፦ ወደድሁ፣ አፈቀርሁ፣ ከጀልሁ፣ መረጥሁ። በሁለተኛው ሰውየው ተሳቢ ነው፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አማረኝ፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው መንገድ አድራጊው ስሙ የማይጠራ «እርሱ» ሲሆን እኔ የሚደርስብኝ ነኝ። «ናፈቅሽኝ» ስንልም የናፈቀው እኔ ሆኜ ሳለ፣ በሰዋስው በኩል የግሱ ባለቤት አንቺ ነሽ። «ዓይኔ ገባች» የሚል ጎረምሳም ያደረገው ነገር የለም፤ ዓይኑ ክፍት በር ነበር፣ ልጅቱ ገባች። እናቶቻችን «ልቧ ከጀለው» ሲሉም ሥራው የልብ ነው፤ ልጅቱ ተጠያቂ አትሆንም። ከሰዋስው ተነሥቶ ስለ አንድ ሕዝብ ሥነ ልቡና መደምደም የቋንቋ ሰው ሊሸሸው የሚገባ ስሕተት ስለሆነ አልደመድምም። ይህን ያህል ግን እላለሁ፦ ቋንቋችን ፍላጎትን በሰው ላይ የሚወርድ፣ የሚመጣና የሚሄድ ነገር አድርጎ ለመናገር ሰፊ ቦታ አለው። (በነገራችን ላይ «ውድ» የሚለው ቃል የምንወደውንም ሰው፣ ዋጋው ያሻቀበውንም እህል ይጠራል። የቡሬ ገበያ ሴቶች ጤፍ ሲወደድ በዚህ ሲቀልዱ ሰምቻለሁ።)

ልብ በሉ፤ እስካሁን የጠቀስኋቸው ሁሉ ግሶች ናቸው። ወደ ስሞቹ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በልጅነቴ መንደር አንዲት ሴት ከልደት እስከ ሞት የምትጠራባቸው ስሞች እነዚህ ነበሩ፦ ሳዱላ፣ ልጃገረድ፣ ኮረዳ፣ ሙሽራ፣ ባለትዳር፣ ፈት፣ ጋለሞታ፣ ባሏ የሞተባት፣ በመጨረሻም ቆብ ከጫነች እማሆይ። ያመለጣት «ቆማ የቀረች» ናት። ለወንዱ ጉብል፣ ጎረምሳ፣ አባወራ አሉት፤ ከተማ ሲገባ ደግሞ «ወንደላጤ» ይባላል፤ ቃሉ የሚያስከትለውም ነቀፋ ቢበዛ ቤቱ አለመጠረጉን ነው። «ፈት» የሚለው ቃል በሰዋስው ለሁለቱም ጾታ ያገለግላል፤ ሆኖም ወንድ ሲጠራበት የሰማሁት ከጥቂት ጊዜ አይበልጥም። ለጋለሞታ ደግሞ ጭራሽ የወንድ አቻ የላትም።

እነዚህ ስሞች አንዳቸውም ሴቲቱ ማንን እንደምትወድ፣ መውደድ አለመውደዷንም አይናገሩም። የሚመልሱት ጥያቄ ሌላ ነው፦ በማን ቤት ናት? በአባቷ ቤት ከሆነች ልጃገረድ፣ በባሏ ቤት ከሆነች ባለትዳር፣ ከአንዱ ቤት ወጥታ ወደ ሌላው ካልገባች ፈት ወይም ጋለሞታ። «ልጃገረድ» የሚለው ብቻ አንድ ተጨማሪ ነገር ይቈጥራል፤ እርሱም ድንግልና ነው። ድንግልና ደግሞ በእኛ አካባቢ የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የክህነት ጉዳይም ነበር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅስና የሚቀበል ዲያቆን አስቀድሞ ድንግል አግብቶ በአንድ ትዳር የጸና መሆን አለበት። የቤተ ክህነት ትምህርት በስፋት በሚሰጥበት እንደ ጎጃም ባለ አገር ይህ ሥርዓት ገና በልጅነታቸው የሚታጩ ሴቶችን ቍጥር ከፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ አምናለሁ። ዕድሜዋ ባነሰ ቍጥር ጥርጣሬውም ያንሳል።

የእኔም ጉዳይ ይኸው ነበር። የተዳርሁለት ልጅ 17 ወይም 18 ዓመት ገደማ የሆነው ዲያቆን ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለካህን መዳር ማዕርግ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሠርጉ በተክሊል ተፈጸመ። የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ከዓመት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስቈጠረኝን ፊደል ይዤ፣ ሌሊት ወጥቼ፣ አጎቴ ወደሚኖሩበት ከተማ በእግሬ ገባሁ። ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር የተበዳይና የበዳይ ታሪክ አድርጌ ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ ያንን ሰው አገኘሁት። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሌላ ሚስት አግብቶ ልጆች አፍርቷል፤ ካህን ግን አልሆነም። ሁለተኛ ያገባ ዲያቆን ቅስና አይቀበልማ። ያለ ቂም ሰላም አለኝና እንዲህ አለኝ፦ «አንቺስ ወጣሽ። እኔ ወዴት ልውጣ ነበር? እኔንም እኮ ወደድሃት ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

በዕድሜዬ ስለ ፈቃድና ምርጫ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ይህ ዐረፍተ ነገር ያሳሰበኝን ያህል ያሳሰበኝ ግን ጥቂት ነው። ያ ሥርዓት የሴቷን ፍላጎት ያልጠየቀው የወንዱን ለማስቀደም ብቻ አልነበረም። የማንንም ፍላጎት አይጠይቅም ነበር። እርግጥ ነው፣ ዋጋው እኩል አልተከፈለም፤ እርሱ ስሙ «ዲያቆን» ሆኖ ቀረ፣ የእኔ «ፈት» ሆነ።

«ጋለሞታ» የሚለውን ቃል ተማሪዎቼ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጕም ስለሆነ አንድ ትርጕም ብቻ ያለው ይመስላቸዋል፤ ገላዋን የምትሸጥ። በገጠር ግን ቃሉ ሰፊ ነበር። ባል የሌላት፣ የራሷን ጭስ የምታጨስ፣ ጠላ ጠምቃ ወይም ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ሁሉ ጋለሞታ ልትባል ትችል ነበር፤ ስድብነቱ እንደ ተናጋሪው ድምፅ ይወሰናል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እንደ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉት ከተሞች ሲያድጉ፣ ከገጠር ትዳር የወጡ ሴቶች ወደነርሱ መጡ። አረቄ አወጡ፣ ጠላ ሸጡ፣ አልጋ አከራዩ። የገጠሩ ስም ከነርሱ ጋር መጣና በከተማው ጠባብ ትርጕሙን ያዘ። አንዲት ሴት መንገዱን ስለ ተሻገረች ብቻ ያው ቃል ሌላ ፍርድ ይሆንባት ነበር። አጎቴ ከተማ ስኖር ሰው «የማን ልጅ ናት?» ሲል አጎቴ «የእኔ ናት» ይሉ የነበረው ለዚህ እንደ ነበር የገባኝ በኋላ ነው፤ ቤት እየሰጡኝ ነበር።

(ከተማ እንኳ ስሙን ሲለውጥ ይቀናዋል። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ነበረች፤ ዛሬ በአሮጌው ስሟ የሚጠራት ሰው በመብራት ቢፈለግ አይገኝም።)

ቤት ሳይኖራት የምትከበር ሴት ፈጽሞ አልነበረችም ወይ? ነበረች፤ መነኵሲት። አክስቴ ሁለት ባል ፈትታ፣ አንዱ ሞቶባት፣ ገና አርባዎቹ ውስጥ ሳለች ቆብ ጫነች። ሽማግሌ መላክ ያላቆሙ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅ ይነሡላት ጀመር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ልሰናበታት ሄጄ፣ «እማሆይ፣ ለምን መነኰሱ?» ብዬ በድፍረት ጠየቅኋት። «ለእግዜር ብዬ ነው» አለች፤ ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ፣ «ለእግዜር ብቻም አይደለም፤ ሰው እንዲተወኝ ብዬ ነው። ወንድ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ለማን ይነገራል? ቆብ ግን ሁሉም ያያል» አለች።

ይህን የምተርከው ምንኵስናን ለማሳነስ አይደለም። አክስቴ ጸሎተኛ ነበረች። ሆኖም «ወንድ ደስ ብሎኝ አያውቅም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በመንደሩ ስም አልነበረውም፤ ስም ያለው ቆቡ ነበር። ስለዚህ ስም በሌለው ፍላጎቷ ላይ ስም ያለው ልብስ ደረበችበት።

ጎጃም ይህን ነገር በልቦለድም ታውቀዋለች። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው በመደብ ልዩነቱ ላይ ነው፤ በእርግጥም ዋና ነገሩ እርሱ ነው። እኔ ግን ዘወትር የሚገርመኝ መጽሐፉ ውስጥ ማንም በራሱ ፍላጎት ስም አለመጠራቱ ነው። በዛብህ በእናትና አባቱ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው፤ ፍቅር ሲይዘው መጀመሪያ የሚጣላው ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ሳይሆን ከስእለቱ ጋር ነው። ሰብለ ወንጌል አባቷ ለዘር ሲመርጡ፣ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የሰው መነጋገሪያ ትሆናለች፤ በመጨረሻም መጠጊያዋ ምንኵስና ነው። ሰው ሁሉ በልቡ የሚያውቀውን በአፉ የሚናገረው ካሳ ዳምጤ ደግሞ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ይለጠፍበታል። አንድ ማኅበረሰብ ነገሩን መሰየም ሲያቅተው ተናጋሪውን እንደሚሰይም ለተማሪዎቼ የማስረዳው በዚህ ሰው ነው።

ወደ ሕጉ ልለፍ፤ ሕግም ስም ሰጭ ነውና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ብሎ ደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት አደረገ። የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 79/1995፣ ተከተለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን በቀጥታ ወንጀል አደረገ፤ ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ጠለፋም ቢሆን በኋላ በጋብቻ ቢደመደም እንኳ ከቅጣት አያድንም። የቀድሞው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያድን ነበር።

ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እኔ በ11 ዓመቴ ያልነበረኝ ጋሻ ነው። ሆኖም ሕጉ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠይቅ ልብ ብላችሁ አንብቡት። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 ወንጀሉን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ይወስነዋል። እንግዲህ ፈቃድ የሚጠየቀው በበሩ ላይ አንድ ጊዜ ነው፤ ከገቡ በኋላ ሕጉ እንደ መንደሬ ሰው «በማን ቤት ናት?» ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል። የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ በዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ፤ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታኮሳትሩም እያየሁ ነው።

አንድ ሌላ ማስረጃ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በክልላችን ሞሰቦ በተባለ ገጠር «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶችን በቡድን ያሰባስባል፣ ያስተምራል፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ይሰጣል። ውጤቱ ሲመዘን ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ የማግባት ዕድሉ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ዐሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ጋብቻው በዝቶ ተገኘ፤ ቀኑ ተገፋ እንጂ አልቀረም ማለት ነው። ቀኑ መገፋቱ ራሱ ሕይወት ያተርፋል፤ አላቃልለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ የሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ አማካይ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶች 23.7 ነበር፤ የአማራ ክልል ሴቶች ከአገር አቀፉም በታች ናቸው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ዓመት ማትረፍ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ዕድሜና ፍላጎት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። «18 ሞላሽ ወይ?» የሚለውን ቀበሌ ይጠይቃል። «ትወጂዋለሽ ወይ?» የሚለውንስ? «ጨርሶስ ማንንም ትወጃለሽ ወይ?» የሚለውንስ?

በዚህ ነጥብ ላይ የውጭው ዓለም ምን እንዳደረገ ማየት ይጠቅማል። በአውሮፓ ሰውን በሚስበው ጾታ መሰየም ጥንታዊ ልማድ ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። «ሆሞሴክሹዋል» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ካርል ማሪያ ከርትቤኒ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ የጻፈውም የፕሩስያን የወንጀል ሕግ በመቃወም ነበር። ቃሉ ወዲያው ወደ ሐኪሞች ተሻገረና የበሽታ ስም ሆነ። ሚሼል ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንን ነው፦ ቀድሞ የሚያስወቅሰው ድርጊት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ድርጊቱ የሰው ዓይነት ሆነ። አሜሪካዊው አልፍሬድ ኪንሲ እ.ኤ.አ. በ1948 ሰውን በሁለት ሣጥን መክፈሉን ትቶ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ መለኪያ አወጣ፤ መሳብ የማይታይባቸውን ደግሞ ከመለኪያው ውጭ በአንድ ፊደል ለየ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ጉዳዩን ከበሽታ ዝርዝራቸው አወጡ። በመቶ ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አንድ ስም የመከራከሪያ፣ የበሽታና የማንነት ስም ሆነ፤ የተሰየሙት ሰዎችም ከስሙ ጋር ሲገፉና ሲነሡ ኖሩ።

የእኛ «ግብረ ሰዶም» የሚለው የግእዝ ቃል ራሱን ሲናገር የድርጊት ስም ነው፤ ግብር ነው። የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 629 የሚቀጣው በአንድ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት ነው፤ የሰው ዝንባሌ ወይም ጠባይ በሕጉ ወንጀል አይደለም። የቤተ ክርስቲያንንም የመስጊድንም አስተምህሮ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ቆሜ ልከራከረው አልመጣሁም። የማነሣው ስሙ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ስሙ ዛሬ ምንም ድርጊት ያልታወቀበትን ሰው፣ ድምፁ ስለ ቀጠነ ወይም አረማመዱ ስለ ተለየ ይለጠፍበታል።

ቀድሞስ? ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ስለ ደጋው አማራ እ.ኤ.አ. በ1957 በጻፈው የዶክትሬት ጥናት፣ የሴት ሥራና ጠባይ ያላቸውን ወንዶች ገበሬው እንደ እግዚአብሔር ስሕተት ይቈጥራቸው እንደ ነበር፣ ከሴቶች ጋር እንደ ወንድም ሆነው እንደሚኖሩ፣ ባሎችም በዚህ እንደማይቀኑ መዝግቧል። ስማቸውም «ወንዳገረድ» ከምንለው ቃል ጋር የሚዛመድ ነበር። «የእግዚአብሔር ስሕተት» መባል የሚያኰራ ስም አይደለም፤ ያን ዘመን ገነት አድርገን አንሳለው። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ቦታ። እሳት ዳር የሚቀመጡበት፣ ቡና የሚጠጡበት ቤት ነበራቸው።

ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ተቋም ሳስተምር አንድ ተማሪ ነበረኝ። ከገጠር የመጣ፣ ከእናቱ ጋር ብቻ ያደገ፣ እንጀራ መጋገር የሚችል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። በማደሪያ ክፍሉ ስም አወጡለት። መጀመሪያ «ሴታሴት» ነበር፤ ቀጥሎ ያ የመጨረሻው ስም መጣ። ልጁ ማንን እንደሚወድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላውቅም፤ ምናልባት እርሱም ገና አያውቅም ነበር። ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ሄደ። ለአስተዳደሩ ነግሬ ነበር፤ «የልጆች ቀልድ ነው» ተባልሁ። እኔም ከዚያ በላይ አልሄድሁም። ይህን የምናገረው ራሴን ለመክሰስ ካልሆነ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም፤ ከፊታችሁ የተቀመጡ መምህራን አሉና ግን ይሰማ።

በመጨረሻ ስለ አንዲት ልጅ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሮዬ መጥታ በሩን ዘጋችና፣ «ዶክተር፣ እኔ ማንንም አልከጅልም። ወንድም ሴትም። ጓደኞቼ ሲያወሩ እንዳልገባኝ ሰው ነኝ። በሽታ ነው ወይ?» አለችኝ። አይደለም አልኋት፤ እንደ እርስዋ ያሉ ሰዎች በሌላም አገር እንዳሉ፣ ኪንሲም ፊደል እንደ ሰጣቸው ነገርኋት። ስልኳ ላይ ፈልጋ የእንግሊዝኛውን ስም አገኘች። በማግሥቱ ፊቷ በርቶ አየኋት። «ስም አለኝ» አለችኝ።

ስሙ እስከ ክረምቱ ዕረፍት ቆየ። ቤቷ ገብታ ለእናቷ በአማርኛ ልትነግራቸው ሞከረች፤ አማርኛው እምቢ አላት። «አላገባም» ስትል «ማንን ወደድሽ?» አሏት። «ማንንም» ስትል ለእናቷ የሚያውቁት ስም አንድ ነበር፤ ዓይነ ጥላ። ዓይነ ጥላ የሴትን ዕድል የሚያስር፣ ፈላጊዋን የሚያርቅ መንፈስ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱም ጠበል ነው። እናቷ እያለቀሱ ጠበል ወሰዷት፤ ሁለት ሱባኤ ተጠመቀች። እናቷን አትወቅሳቸውም። «ከእኔ በላይ እርሳቸው ፈርተው ነበር፤ ስም ሲያገኙለት ግን ተረጋጉ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። ልጅቱ በእንግሊዝኛ ስም አግኝታ ተረጋጋች፤ እናቷ በአማርኛ ስም አግኝተው ተረጋጉ። ሁለቱ ስሞች ግን አይነጋገሩም። የልጅቱ ስም «እንዲህ ነኝ» ይላል፤ የእናቷ ስም «እንዲህ ተደረገብሽ» ይላል፤ ልክ እንደዚያ እንደ «አማረኝ» እና «ደስ አለኝ»። ለእናቷ የሚገባ አማርኛ ላገኝላት ሞክሬ ነበር። ያገኘሁት የአክስቴን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንድ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ስም አይደለም፤ ግስ ነው፤ ግን ማንኛዋም የጎጃም እናት ይገባታል። ልጅቱ ይህንኑ ለእናቷ አለቻቸው። እናቷ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው፣ «እሱስ ለኔም እንዲያው ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ?» አሏት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቃለለ ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ተመርቃ በአንድ ወረዳ ታስተምራለች፤ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ባለፈው ፋሲካ ስትደውልልኝ ስለ አክስቴ አንሥታ ጠየቀችኝ። «ዶክተር፣ እንደ እማሆይ ቆብ ብጭን ሰው ይተወኛል። ግን እግዜርን ፈልጌ ሳይሆን ሰውን ሸሽቼ ብመነኵስ ነውር አይሆንም?»

የሰጠኋትን መልስ አልነግራችሁም፤ እኔንም አላረካኝም። አክስቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ወደ እርስዋ እልካት ነበር። ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ኋላ የተቀመጡት ልጆች ያደርሱላችኋል።